ማይኩ ላይ ያረፈው መዝገብ

ሰው ሁሉ ስለ ማይኩ ያጽናናኛል። «በማንም ላይ የሚደርስ ነው፣ ዕቃ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። ነገሩ የማይኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ራሴም ራሴን ባጽናናሁ።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ወንዙን ተከትለን የምንኖር አምስት ሰዎች በየቤታችን መገናኛ ሬዲዮ አለን። ስንጀምር ለጨዋታ ነበር፤ ስለ አንቴና ስናወራ ሚስቶቻችን ይስቁብን ነበር። አንድ ክረምት ጎርፍ መጥቶ ስልክ ከጠፋ ወዲህ ግን ጨዋታው ቁም ነገር ሆነ። ከላይ የድልድዩ ዘበኛ የውሃውን ከፍታ ይናገራል። እኔ መሀል ላይ ስላለሁ ማዕከል ነኝ፤ ዝናብ በጠና ቀን በየግማሽ ሰዓቱ ሁሉንም እጠራለሁ። ከታች ያለው ደግሞ ክፉ ወሬ ሲሰማ ሰፈሩን ያስወጣል። ከታች ያለው ዋርሳዬ ነበር፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም። ፀጉር አስተካካይ ነበር።

«ምናልባት» እንለው ነበር፣ አፉን የሚከፍተው በዚያች ቃል ስለሆነ። የሬዲዮዬ ቀይ መብራት፣ ማይኩ ሲጫን የምትበራዋ፣ ከተቃጠለች ከርማ ነበር። የሰው ዕቃ ስጠግን እውላለሁ፣ ለራሴ አንዲት አምፖል መቀየር ሞት ሆኖብኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ቀይራት እንጂ» ይለኝ ነበር። «ምናልባት አንድ ቀን ማይኩ እንደተጫነ ይቀርና ሳታውቀው ትውላለህ።»

«አንተ ፀጉርህን ቁረጥ» እለው ነበር። አፌን በቆረጠው።

የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ስልክ ጠፋ። ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጠራሁ። ዘበኛው «ለጊዜው ባለበት ነው፣ ወርጄ አይቼ እጠራሃለሁ» አለኝ። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩና ከጣሪያው የሚንጠባጠበው እንዳይነካው ጥሪዎቹን የምጽፍበትን ወፍራም መዝገብ ጣል አደረግኩበት። መዝገቡ የማይኩን ቁልፍ ተጭኖት ኖሯል። የኛ መስመር አንድ ነው፤ አንዱ ቁልፉን ከያዘ ሌላው ከመስማት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም፤ ተናጋሪውም ማንንም አይሰማም። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሬዲዮው ሽሽ የሚለው ድምፅ ሲጠፋ እነቃ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ጆሮዬን ደፍኖታል።

ባለቤቴ ለሚያፈሰው ጣሪያ ባልዲ ይዛ ገባች።

«ወንድሜ እንዴት ነው?»

«ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

«ዘበኛውን ጠይቀው እስኪ። ሆዴ ፈራ።»

«አሁን አነጋገርኩት እኮ» አልኳት። «ውሃው እየቀነሰ ነው አለኝ።»

አላነጋገርኩትም። ከስምንት ሰዓት ወዲህ ድምፁንም አልሰማሁም። ምን ቆርጦኝ እንዲህ አልኩ እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ መልሱን ግን አውቀዋለሁ። ንዝንዝ ሰልችቶኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሷን ለማሳቅም ብዬ ጨመርኩበት።

«ወንድምሽማ ደመና ባየ ቁጥር ሰፈሩን ሊነቅል ይነሣል። ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ቆርጦ ወደ ኮረብታው ሲያስሮጠው ይታይሽ።»

ሳቀች። እፎይ ብላ ነው የሳቀችው፤ ባልዲውን አስቀምጣ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስምንት ተኩል ላይ መጥራት ነበረብኝ። ከላይ ምንም ካልተባለ ደህና ነው ብዬ ዘለልኩት።

ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ላይ ልጽፍ መዝገቡን ሳነሣ የዘበኛው ድምፅ ቤቱን ሞላው። ድምፁ ተዘግቷል።

«ማዕከል፣ በፈጠረህ ማይኩን ልቀቀው። ውሃው ድልድዩን ካለፈ ግማሽ ሰዓት ሆነው።»

ምናልባትን ጠራሁት። ደጋግሜ ጠራሁት። ባለቤቴ ከወንበሯ ተነሥታ አጠገቤ ቆማ ነበር።

ዋርሳዬ የሰፈሩን ሰው በሙሉ አስወጥቷል። የመጨረሻው ቤት ውስጥ የቀሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለሳቸው ተመለሰ። ሁለቱንም በሁለተኛው ቀን አገኟቸው። ሃያ ደቂቃ ቢያገኝ ኖሮ ሁለቱም ዛሬ በሕይወት በኖሩ።

ከዚያ በኋላ ሰዎቻችን ሁሉ ሊያጽናኑኝ መጡ። የድልድዩ ዘበኛም መጣ፣ ጨበጠኝ፣ ዓይኔን ግን አላየኝም። እሱም ያን ሁሉ ሰምቶ ነበር። አነጋገርኩት ያልኩት እሱን ነው።

አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር አስቀምጣ ጠበቀችኝ። የወንድሟ ደብተር ነው። አንድ ሰውዬ አምጥቶላት ነው፤ ያን ቀን ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ። ወንድሟ ሲሮጥ «ይቺን ያዝልኝ» ብሎ ሰጥቶታል። «ግማሽ ራሴን እንደተቆረጥኩ ነው ኮረብታው ላይ የወጣሁት» ብሏታል።

«መነጽሬን አጣሁት» አለችኝ። «አንብብልኝ።»

የሰማኸውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፍ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጽፎታል።

«ስምንት ከአሥራ ሁለት። የጋሼ ማይክ ተጭኗል። ብጠራው አይሰማም። ከበር ውጭ ያለው ቦይ ሞልቷል፣ ምናልባት ሰው ላስወጣ።»

«ቀጥል» አለች።

ቀጣዩን መስመር አየሁ። ልዘለው አሰብኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ አስቤያለሁ።

«ስምንት ከሃያ ስድስት። ጋሼ ዘበኛውን አነጋግሮታል፣ ምናልባት ስሠራ አምልጦኝ ነው፣ ውሃው እየቀነሰ ነው። ሰውን በከንቱ አላስደነግጥም። የጀመርኩትን ራስ ልጨርስ።»

እጇን ደብተሩ ላይ አሳረፈች።

«አነጋግረኸው ነበር?» አለችኝ።

«አላነጋገርኩትም።»

«ቀጥል።»

«ስምንት ከሃያ ስምንት። እህቴ ሳቀች። እሷ ከሳቀች ደህና ነው።»

ከዚያ በታች ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ስምንት ከአርባ ስድስት። ውሃ ገባ፣ ወጣሁ።»

ደብተሩን ከእጄ ወሰደች። ከሹራብ ኪሷ መነጽሯን አውጥታ አደረገችና ያቺን የሳቋን መስመር በጣቷ ተከትላ አነበበች።

«ከትናንት ወዲያ አንብቤዋለሁ» አለች። «ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

ትታኝ አልሄደችም። አምፖሏን በማግስቱ ቀየርኳት፣ ደህና ትበራለች። አሁን ዝናብ ሲጠና ሬዲዮው ፊት የምትቀመጠው እሷ ናት። ውሃው ቀንሷል ካልኳት ማይኩን አንሥታ ዘበኛውን ራሷ ትጠይቀዋለች። አልቆጣም።