አዋላጇና ክላክስ የመረጡት አግዳሚ

አዋላጇና የአውቶቡስ ሹፌሩ የተጋቡት ሁለቱም ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ሁለቱም የትዳር ጓደኛ ቀብረዋል። ሹፌሩ በሥራ ዘመኑ ለሰውም ለውሻም ክላክስ ሳያደርግ ስለማያልፍ ሰፈርተኛው «ክላክስ» ይለዋል። እሷም በዚሁ ትጠራዋለች።

አንድ ቤት ሲገቡ ያስቸገራቸው መቀመጫ ነበር። እሷ ሟች ሚስቱ በመረጠችው ሶፋ ላይ ጫፍ ይዛ ትቀመጣለች፤ እሱ ደግሞ በሟች ባሏ ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ጠዋት፣

«ስሚ፣ የሁለታችን የሆነ አንድ አግዳሚ ለጓሮ እንግዛ» አላት።

«አዲስ?»

«እኛ ቤት ምን አዲስ ነገር አለ? አሮጌ ነዋ!»

እየተሳሳቁ ወጡ።

አሮጌ የቤት ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ሰፊ ግቢ አለው። ክላክስ ገና ከመግባቱ መቀመጫው እንደ ሣጥን ክዳን የሚነሳ፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ የሚይዝ አንድ አግዳሚ ዓይኑን ሳበው።

«ጋሼ፣ ለውስጥ ነው ለውጭ?» አለ ነጋዴው።

«ለውጭ። ከሎሚው ዛፍ ሥር።»

«እንግዲያው ይሄን ይተዉት። ዝናብ ሲነካው ያብጥና አልከፈት ይላል።»

ክላክስ ወደ ሌላው ዞረ። ከትምህርት ቤት የወጣ፣ ከነዴስኩ የተሠራ አግዳሚ ላይ ልሞክር ብሎ ሲቀመጥ ጉልበቱ ተቀረቀረ። አዋላጇና ነጋዴው ግራና ቀኝ ይዘው ጎትተው አወጡት።

«ድሮም ከዚህ ላይ በሰላም ተነስቼ አላውቅም፤ የሚያስነሳኝ አለንጋ ነበር» አለ ሱሪውን እያራገፈ።

ዞር አለ። አዋላጇ ግድግዳው ሥር ካለ ረጅም ነጭ አግዳሚ ፊት ቆማለች። ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ አረንጓዴው ይታያል።

«ከማዋለጃው በር ፊት የነበረው ልክ እንዲህ ያለ ነው» አለች በእጇ እየዳበሰችው። «ስንቱን አባት ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ‹ሴት› ‹ወንድ› ብዬዋለሁ! አንዱማ በደስታ ዘሎ ሲያቅፈኝ ጫማዬን በጠሰው። ይሄን እንውሰድ። ነቀዝም አልነካው።»

«አይሆንም።»

«ለምን? ቀለሙን እኮ…»

«አይሆንም አልኩሽ!»

ነጋዴው ሥራ እንዳለበት ሰው ፈንጠር አለ። ክላክስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጄ የተወለደች ዕለት እንዲህ ያለው ላይ ነበርኩ። ልጅቷን አምጥተው ሰጡኝ። እናቷን ግን አልሰጡኝም።»

ሚስቱ በወሊድ እንደሞተች አዋላጇ ታውቃለች። ስለ አግዳሚው ግን ነግሯት አያውቅም።

«ማን ነገረህ?»

«አንዲት አዋላጅ። መጥታ አጠገቤ ዝም ብላ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ገባኝ። ከዚያ ተነስታ ሄደች። ምሳዋን ልትበላ የሄደች ነበር የመሰለኝ፤ ስንት ዓመት ተቀይሜያታለሁ።»

አዋላጇም ራሷ ከአባቶች አጠገብ እንደዚያ የተቀመጠችባቸው ቀናት ነበሩ።

«እኛ እኮ ከዚያ በኋላ ዕቃ ቤት ገብተን እናለቅስ ነበር» አለችው።

«እውነትሽን ነው?»

«በሩን ቆልፈን።»

ክላክስ እጇን ያዘ። እንዲያው እንደተያያዙ ከመናፈሻ የመጣ ወደሚመስል፣ የብረት እግሩ በቅጠል ቅርጽ ወደተሠራ አግዳሚ ሄዱ። ወዘወዙት፤ አልተነቃነቀም። አንዱ ጣውላ ተቀይሮ ከሌሎቹ ይነጣል።

«ይሄስ የማን ነበር?» አለች።

«እሱን እንኳ አላውቅም፣ እትዬ» አለ ነጋዴው።

«ጎሽ! አለማወቁ ይሻላል» አለ ክላክስ። ወሰዱት።

እሑድ የክላክስ ልጅ መጣች። አባቷ ካገባ ወዲህ የምትመጣው ለሰላምታ ያህል ነበር፤ ያን ቀን ግን ሎሚው ሥር ሁለቱ መሐል አስቀመጧት። ክላክስ የተወለደችበትን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሻው አጫወታት።

«እኔን ሲሰጡህ ምን ለብሼ ነበር?» አለችው።

«በጨርቅ ተጠቅልለሽ ነበር። አፍንጫሽ ብቻ ነው የሚታየው። እንዴት አድርገው እንደጠቀለሉሽ እንጃ።»

አዋላጇ ሻሿን ፈትታ ጭኗ ላይ ዘረጋች፤ ከጀርባዋ የነበረውን ትራስ ስባ እንደ ሕፃን አጋደመችበት። አንዱን ጫፍ አጠፈች፣ ሌላውን አሻግራ ከሥር ወተፈችው። እጆቿ አልረሱም።

ልጅቷ ትራሱን ተቀብላ ታቀፈችው። አባቷን አየች፣ ከዚያ ሻሹን ከትራሱ ላይ ፈታችና ለአዋላጇ መልሳ ሰጠቻት።

«ቀስ ብለው እንደገና ያሳዩኝ» አለቻት።