አመስጋኙ ስልክና ዝምተኛው መምህር

ማማት ኃጢአት ነው ይላሉ የነፍስ አባቴ። እኔ አላማም፤ ያየሁትን ነው የማወራ። ያላየሁትንም ከታማኝ ሰው ሰምቼ ነው።

የልጅ ልጄ ባንቺዓለም አስጎብኚ መሆን አማራት። እዚህ ላሊበላ አስጎብኚ ማለት ወንድ ነው፣ ዲያቆን ሲሆን ደግሞ ይመረጣል። እሷ ግን "ሴት ፈረንጅ ስትመጣስ ሴት ብታስጎበኛት ምን አለበት?" ብላ ድርቅ አለች። ፈረንጁ ራሱ ከጦርነቱ ወዲህ እንደ በጋ ዝናብ ነው። ቢሆንም ዘንድሮ ለአዲስ አስጎብኚ ስልጠና አለ፣ መግቢያው የእንግሊዝኛ ፈተና ነው ተባለ። እናቷም ቆርጣ ነገረቻት፤ "ከገባሽ ገባሽ፤ ካልገባሽ ኮን ከተማ አክስትሽ ምግብ ቤት ሄደሽ ትሠሪያለሽ።" አክስቷን ታውቋት የለ፣ አህያዋን እንኳ አታሳርፍም።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለከረመ እንግሊዝኛዋ ዝጎ ነበር። አጎቷ ከወልድያ ስልክ ላከላት። እንግሊዝኛ የሚያርም ነገር አለበት፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል። ኔትወርክ ባለ ቀን ትጽፍለታለች፣ ስህተቷን ነቅሶ ይመልስላታል። ከዚያ በፊት ግን ያመሰግናታል። ሁሌ ነው የሚያመሰግናት!

"አሁን ደግሞ ምን አለሽ?" እላታለሁ።

"'ድንቅ ጽሑፍ ነው፣ በጣም አድገሻል' አለኝ፣ እምዬ።"

"እትፍ! እትፍ! ከዓይን ያውጣሽ!"

"ኧረ ስልኩን በምራቅ አጠቡት! እሱ ምን ዓይን አለው?"

"ካሜራ የምትሉት ምኑ ሊሆን ነው ታዲያ?"

ልጅን ፊት ለፊት ማመስገን እኛ ዘንድ ነውር ነው። ያምራል የተባለ ልጅ ሳይመሽ ይታመማል። ጎበዝ የተባለ ተማሪም ይሰንፋል።

ይሄን ከሁሉ አጥብቆ የያዘው የእንግሊዝኛ መምህሯ አረጋ ነው። የመሪጌታ ልጅ ነው፣ ገነተ ማርያም ቅኔ ቤት ነው ያደገው። እዚያ ተማሪ ሲሳሳት ይገሠጻል፣ ካልተሳሳተ ዝም ይባላል። ዝምታው ነው ምስጋናው። ሚስቱ ጥላው የሄደችው ወጧን አንድ ቀን "ይጣፍጣል" ብሏት ስለማያውቅ ነው ይባላል። ይባላል ነው ያልኩ።

ስልኩን ስታሳየው ይቆጣል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። "መጀመሪያ እሱ ይየው" አላት። "ያረመውን ለምን እንዳረመው ራስሽ ደርሰሽበት፣ አስተካክለሽ በወረቀት ጽፈሽ አምጪልኝ። የቀረውን እኔ አያለሁ።" እንዲህ ተስማምተው ሠሩ፤ ስልኩ ቀድሞ፣ መምህሩ ተከትሎ። ልጅቷም ቤት ስትጠርግ እንኳ እንግሊዝኛ ታነበንብ ጀመር።

ነገር ግን ወረቀቱ ከመምህር አረጋ ሲመለስ ሁሌ በቀይ ተሞልቶ ነው። ብትለፋ ያው፣ ስትጽፍ ብታድር ያው። ቀዩ አልቀነሰም። አንዲት ደግ ቃል ከጎኑ የለችም።

አንድ ቀን ጓደኛዋ ፈይሩዝ መጣች፤ አባቷ መንገድ ዳር ጨርቅ የሚሸጠው። ወላሂ የምታስቅ ልጅ ናት። "እስቲ ለኔም ይየኝ" ብላ ስልኩን ተቀበለችና የመጣላትን ጫረችበት። እንግሊዝኛ የሚባል አትወድም፣ ክፍል ውስጥ ተኝታ ነው የምትውለው።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

ፈይሩዝ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንፈራፈረች። "'ድንቅ ጽሑፍ ነው፣ በጣም አድገሻል' አለኝ፣ እማማ! አላህን፣ እኔን!"

እኔም ሳቅሁ። ባንቺዓለም አልሳቀችም። ስልኩን ከእጇ ተቀብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ለሁሉም ነው ለካ እንዲህ የሚለው" አለች። "እንግዲያ እውነቱ የመምህር ቀዩ ነው።"

ከዚያ ወዲህ መጻፍ ቀነሰች። እኔም የደከማት መስሎኝ ዝም አልኩ። የስልጠናው ምዝገባ መጣ፣ ሄደ።

በተዘጋ ማግስት መምህር አረጋ እያለከለከ ደጄ ደረሰ።

"እማማ፣ የባንቺዓለም ስም የለም። የት ተመዘገበች?"

"የትም። አልችልም ብላ ተወችው።"

"አልችልም?" ደጃፉ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። "ከማስተምራቸው ሁሉ እንደሷ የሚጽፍ የለም እኮ። ለሌላው ተማሪ የማልፈውን ለሷ አላልፍም ነበር። በቻለች ቁጥር ይበልጥ አከበድኩባት። ቀዩ የበዛው ለዚህ ነው።"

"ይሄን ነገሯት?"

"እንዴት ብዬ? ተማሪን ፊት ለፊት…"

እስከ ዛሬ አንቱ ስለው የኖርኩትን ረሳሁት። "ተነስ አንተ! ግባና ንገራት!"

ባንቺዓለም ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት እየከተተች ነበር። አረጋ በሩ ላይ ቆሞ ተናገረ። እየተንተባተበ ነው፤ ሰው ማመስገን ልምዱ አይደላ። ጎበዝ ነሽ አላት። ከሁሉም ትበልጫለሽ አላት።

ጎንበስ ብላ ሰማችው፣ እንደ ጨዋ ልጅ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር" አለችው። "እንዳላዝን ብለው ነው፣ ይገባኛል። ስልኩም እንዲህ ይለኛል።"

ደግሞ ነገራት። ሲደግመው ጭራሽ ውሸት መሰለ።

ወጥቶ እስከ መዝጋቢዎቹ ሮጠ። ተዘግቷል አሉት፤ ሌላ ዙር መቼ ነው ቢል፣ ፈረንጅ ሲመጣ አሉት። ልጅቷም በጋሸና በኩል ወደ ኮን ሄደች። ስልኩን ጥላልኝ ነው የሄደች፤ "ይደውሉበት" ብላ። ለማን ነው የምደውል?

ባለፈው ጎረቤቴ ይማርሽ ከኮን ገበያ መጣች። ይማርሽ ክፉ ወሬ ሲሆን እስከ ቤት ሮጣ ታደርሳለች፤ ሞት ብትሰማ ጫማ አታደርግም፤ ለደግ ወሬ ግን አፏ አይፈታም።

"ባንቺዓለምን አየሻት?" አልኳት።

"አየኋት።"

"እንዴት ናት?"

"ደህና ናት" አለችኝና የሽንኩርት ዋጋ ታወራ ጀመር።