ከመንጋጋ በታች

ለውድ ደንበኞች፣ ለመንደሩ ነዋሪዎችና ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ፦ የፀጉር ቤቱ የመላጫ ወንበር ፊቱን ከመስታወቱ ወደ መስኮቱ አዙሯል።

ይህን ያወጁት ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው፤ ነጭ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እሳቸው ግን ሳይጠየቁ፣ ብርሃን ለደንበኛው ጤና እንደሚበጅ አስረዱ። ደንበኛውም ጤናውን በምስጋና ተቀበለ። ብቻ ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ወንዶች ፊታቸው ላይ ቁስል ማብቀል ጀመሩ።

የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ሐኪም ነው፤ ግን የሚያድን ሐኪም አይደለም። ፖሊስ የሚልክለትን ሰው፣ በሕይወት ያለውንም የሞተውንም፣ ቁስሉን አገላብጦ አይቶ በምን እንደ ተመታ፣ ከየት በኩል እንደ ተመታ ለፍርድ ቤት የሚጽፍ ነው። አባቱ ይህን ሥራ ለሰው ሲያስረዱ፣ «ሁለታችንም ሰው አጋድመን ፊቱን እናያለን፤ የእኔው ግን ሲያበቃ ተነስቶ ይሄዳል» ይላሉ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ደወሉለትና ምንም የተፈጠረ ነገር እንደሌለ፣ ዝም ብሎ ብቅ እንዲል ነገሩት። ምንም አልተፈጠረም የሚል ሰው በሥራው ብዙ አጋጥሞታልና ወዲያው ተነሳ። ቤት ሲደርስ የሳሎኑ ጠረጴዛ ግድግዳ ተጠግቷል። ለመጥረግ እንዲመች ነው አሉ እናቱ። ባለፈው ሲመጣ ያየው የአባቱ ቅልጥም ለምን እንደ በለዘ ሲጠይቃቸው፣ ድሮም ሲራመድ አያይም አሉና የተናገሩትን ሰምተው ወደ ሻዩ ዞሩ። ሻዩን ቀድተው ሲያበቁ ግን አወጡት።

«አንተ ንገረው። እኔ ብነግረው ሚስቱ ነኝ፤ አንተ ብትነግረው ሐኪም ነህ። አንድ ቀን ያ ምላጭ የሰው ደም ሥር ያገኘ እንደሆነ፣ ሬሳውን የሚያመጡት ላንተ ነው።»

እሱም ይህን ያውቃል። አባቱ ደግሞ፣ ሱቁ የተዘጋ ዕለት እኔንም አብራችሁ ዝጉኝ ማለታቸውን ያውቃል። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ፀጉር ቤቱ ከፍራሽ መሸጫው ጎን ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ገና ደጃፉን ሲረግጥ አባቱ ከውስጥ፣ «የግራ ጫማህን ተረከዝ አሳድሰው፤ ጎረቤት ሁሉ መምጣትህን ይሰማል» አሉት።

«ዓይን ማለት ይኼ ነው!» አሉ ጡረተኛው መምህር፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብለው። ልብስ ሰፊውና ሾፌሩም፣ አዎ፣ ዓይን ነው፣ ዓይን ነው ብለው አጸኑላቸው። ሦስቱም አግዳሚው ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሦስቱም ከግራ መንጋጋቸው በታች ቆስለዋል።

ሐኪሙ ማንንም አልጠየቀም። እነሱ ግን የእሱን ሥራ ስለሚያውቁ ቃላቸውን በየተራ ሰጡ። መምህሩን ድመት ቧጭራቸዋለች። ልብስ ሰፊውን የአጥር እሾህ ወግቶታል። ሾፌሩ ደረጃ ላይ ወድቋል።

ድመት ስትቧጭር ጥፍሯ ብዙ ነው፤ ጭረቶቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ቆዳውንም እየፋቁ ያልፋሉ። እሾህ ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል፤ መስመሩ የተቦጫጨቀ ነው። የወደቀ ሰው የሚላጠውና የሚበልዘው አጥንቱ ወጣ ባለበት ቦታ ነው፤ ቅንድቡ፣ ጉንጩ፣ አገጩ። ከመንጋጋ በታች ያለው ጥግ የተከለለ ስለሆነ ደረጃ እዚያ አይደርስም። የእነዚህ ሰዎች ቁስል ግን ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ ዙሪያው አልበለዘም፤ ከጥልቀቱ ርዝመቱ ይበልጣል። ከጆሮ በኩል ጠለቅ ብሎ ይጀምርና ወደ አገጭ ሲሄድ እየሳሳ እንደ ክር ያልቃል። አንድ ስለት፣ አንድ እጅ፣ አንድ አቅጣጫ። ፍርድ ቤት ቢሆን ወዲያው ጽፎ ፈርሞበት ነበር።

«ድመት አለዎት እንዴ?» አላቸው መምህሩን።

«አሁን የለችም።»

«ሞተች?»

«ሄደች።»

«አፍራ ነው» አለ ሾፌሩ።

ከመስታወቱ በላይ ያለው አምፖል ተቃጥሏል። መደርደሪያው ላይ አዲስ አምፖል ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ሾፌሩ ከገዛው ቆይቷል፤ ግን አምፖሉን ለመቀየር መቃጠሉን ለባለቤቱ መንገር ያስፈልጋል። ስለዚህ አምፖሉ ካርቶኑ ውስጥ ነው።

ሐኪሙ በመንገድ ላይ የወጠነው ነገር ነበረው። በእሱ ሙያ ማስረጃ የሌለው ቃል ቃል አይደለም። ስለዚህ ይቀመጣል፣ አባቱ ይላጩታል፣ መቆረጡ አይቀርም። ያኔ ደም የነካውን ፎጣ ይዞ፣ «አባባ፣ ይበቃል» ይላል። ከሌላ ሰው ከሚፈስ ከልጅ ቢፈስ ይሻላል ብሎ ወንበሩ ላይ ወጣ።

«ምን ፂም አለህና?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ፈራ ተባ እያለ።

«ይብቀል አይብቀል የማውቀው እኔ ነኝ» አሉ አባቱ፣ አረፋውን እየመቱ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙትና ጣታቸውን ከግንባሩ እስከ አገጩ ቀስ አድርገው አወረዱ፤ የሚያውቀውን አገር መንገድ እንደሚፈልግ ሰው።

ጣቶቹን ያየው ያኔ ነው። የግራ እጃቸው ጣቶች ጫፋቸው ሁሉ በትናንሽ ቁርጥ ተሸፍኗል፤ ገና ትኩስ አለ፣ የደረቀም አለ፣ አሮጌ ጠባሳም አለ። እንዲህ ያለ ጣት ያውቃል። ስለት የመጣበት ሰው እጁን ሲያነሳ እንዲህ ይሆናል፤ የመከላከል ቁስል ይሉታል። ምላጩ ሲነካው ደግሞ ነገሩ ገባው። አባቱ ጣታቸውን ከምላጩ ፊት ፊት ያስኬዳሉ፤ ስለቱ መንገድ ሲስት መጀመሪያ የሚያገኘው የእሳቸውን ሥጋ ነው። እነዚያ ከመንጋጋ በታች የቀሩት ቁስሎች ያመለጧቸው ናቸው። የያዟቸው ሁሉ እዚህ ጣት ላይ አሉ።

«ጣትዎ ምን ሆነ አባባ?»

«ሽንኩርት ስከትፍ።»

አባቱ በዕድሜያቸው ሽንኩርት ይዘው አያውቁም። አግዳሚው ላይ ያሉት ትንፋሻቸውን ያዙ። ሐኪሙ አፉን ከፈተ፤ የእናቱ ቃልም፣ የፎጣው ነገርም ምላሱ ላይ ነበር።

«ሽንኩርት አስቸጋሪ ነው» አለ።

አግዳሚው ተነፈሰ። መምህሩ ጋዜጣቸውን ዘርግተው ስለ ውሃ ቧንቧ የተጻፈውን ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። ውጭ ነፋሱ አቧራ ሲያነሳ ሾፌሩ የብረት በሩን ዘጋው። ብርሃን በመስኮቱ ብቻ ቀረ፤ እሱም ይበቃ ነበር።

ጎን ያለው ፍራሽ ቤት ዕቃ መጣለት። የጭነት መኪናው ወደ ኋላ እያለ፣ እያለ፣ የእግረኛውን መንገድ ወጣና ቆመ፤ ሞተሩም ጠፋ። እስከ ጣሪያው የተቆለሉት ፍራሾች መስኮቱን እንደ ክዳን ደፈኑት።

ክፍሉ ጨለመ። ሐኪሙ አጠገቡ ያለውን የአባቱን ፊት አላየውም። መምህሩ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ አቆሙ።

ምላጩ አላቆመም። ከጆሮው ሥር ተነስቶ፣ ጣቶቹን እየተከተለ፣ በሰፈሩ እንደሚራመድ ሽማግሌ ሳይቸኩል ወረደ። ፎጣው ላይ ተጠረገ። ተመለሰ።

«ይቀጥሉ እንጂ መምህር» አሉ አባቱ። «ቧንቧው ምን ሆነ?»

ከጨለማው ውስጥ የተሰማው ምላጩ ብቻ ነበር። የአባቱ አውራ ጣት ወደ ልጃቸው ግንባር ወጣ፤ የተኮማተረውን ቆዳ ዳሰሰ፣ ወደ ዓይኑ ጥግ ወርዶ እርጥቡን አገኘ፣ እዚያም ቆመ።

«ብርሃኑ ወጋህ አይደል ልጄ?» አሉ በርኅራኄ። ከዚያ ወደ አግዳሚው፦ «ምን ታያላችሁ ዝም ብላችሁ? አንዳችሁ ተነሱና መጋረጃውን ሳቡለት።»