ጎረቤቲቱ መምህርት ስትሆን

በአንድ ቴአትር ቤት ውስጥ አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎረቤት ብቻ ሆና የተወነች ሴት ነበረች። ቀልዴን አይደለም። ደራሲዎቹ የተማከሩ ይመስል በየድርሰታቸው አንዲት ጎረቤት ይሰነቅራሉ፤ እሷ በር ታንኳኳለች፣ «ቤቶች!» ትላለች፣ ጨው ትበደራለች፣ አንድ ወሬ ጣል አድርጋ ትወጣለች። በቃ። ከዚህ የተነሳ በስሟ የሚጠራት ጠፍቶ፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «ጎረቤቲቱ» ይላት ነበር። ቅር አይላትም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ግን የተሰጣትን ሁለት ደቂቃ ነፍሷን ሰጥታ ትጫወተው ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ ዋናዋ ተዋናይት ነፍሰ ጡር ሆነችና በሐኪም ትእዛዝ አልጋ ያዘች። አዲሱ ቴአትር ሊከፈት የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። አዘጋጁ፣ ፀጉሩ ሸብቶ ቁጣው ያልሸበተ ሰውዬ፣ ጭንቅ ይዞት ዞር ቢል ጎረቤቲቱ ጥግ ቆማ የዋናዋን ቃል በከንፈሯ ስትከተል አያት።

«ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ጋሼ።»

እውነቷን ነው። ጎረቤቲቱ ትምህርት ያቋረጠችው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ማንበብ ትችላለች፣ ግን ፊደሉ ላይ እየዳኸች ነው፤ ስለዚህ ቃል የምትይዘው በጆሮዋ ነበር። አንዴ ከሰማች አለቀ።

ሚናው የአንዲት ቆራጥ መምህርት ነው። በመጀመሪያው ገቢር መምህርቷ ሁሉም የሸሸው ረባሽ ክፍል ውስጥ ማስመሪያዋን ይዛ ትገባና ቀጥ ታደርገዋለች። በሁለተኛው ገቢር ከቁጣዋ ብዛት አንዲት ተማሪ ደብተሯን ጥላ ትጠፋለች። በሦስተኛው ገቢር መምህርቷ ልጅቷን ፈልጋ ፈልጋ ታገኛታለች፤ ወደ ክፍል ትመልሳትና በልጆቹ ሁሉ ፊት «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ትላለች። እልኋ እንዳለ ነው፤ እልሁን የምታውልበት ነው የሚለወጠው።

ጎረቤቲቱ በመጀመሪያው ገቢር ሰው ጉድ አሰኘች። አካሄዷ፣ ቅንድቧን አንስታ ዝም ማለቷ፣ ጠረጴዛውን በማስመሪያ ጫፍ መታ መታ ማድረጓ! መብራት የሚቆጣጠረው ሰውዬ እንኳ ሳይታወቀው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሦስተኛው ገቢር ላይ ግን ነገር ተበላሸ።

«አንቺ ሴት!» አለ አዘጋጁ ሰኞ ዕለት ጽሑፉን ወንበር ላይ ወርውሮ፣ «ይቅርታ እየጠየቅሽ ነው ወይስ እየከሰስሽ? ይህች መምህርት ታድጋለች እኮ! አንቺ እንደገባሽ ትወጫለሽ። ሐሙስ ገምጋሚ ኮሚቴው ይመጣል። እስከዚያ ካልሆነልሽ ሚናውን ለሌላ እሰጣለሁ፤ አትቀየሚኝ።»

ከዚህ በኋላ ወደ ጨው መበደር ከምመለስ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች ጎረቤቲቱ በልቧ። እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ እንደማይመጣ የአርባ አንድ ዓመት ሴት አይነገራትም።

እውነቱን ለመናገር ያንን ሁሉ አካሄድና ቅንድብ የቀዳችው ከታላቅ እህቷ ነው። እህቷ መምህርት ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ጎረቤቲቱን ያሳደገቻትም እሷው ናት። ጎረቤቲቱ እታለም ትላታለች። የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋም እታለም ነበረች፤ ያ ማስመሪያ መዳፏ ላይ ስንት ጊዜ እንዳረፈ ቆጥራ አትዘልቀውም። እንግዲህ ለሦስተኛው ገቢርም ወደ ምንጩ ልሂድ ብላ ማክሰኞ ጠዋት እህቷን ስለ ሐሙሱ ግምገማ ነግራ ክፍሏ ገባች፤ ከኋላ ከልጆቹ አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አገጯ ሥር አጥፋ ተቀመጠች።

እታለም ሰሌዳው ላይ የማካፈል ስሌት እየሠራች ነው። ከመስኮቱ በኩል አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እዚያ ጋ ተሳስተዋል።»

ጎረቤቲቱ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች። መብረቁ ሊወርድ ነው! እታለም ወደ ሰሌዳው ዞረች፣ አየት አደረገችና ሳቀች።

«ውይ! እውነትሽን ነው። ነይ፣ አንቺ ሥሪውና እኛ እንማር» ብላ ጠመኔውን ሰጥታት ራሷ በልጅቷ ቦታ ሄዳ ቁጭ አለች። ቁጭ! ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረች ሴትዮ!

ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ ጎረቤቲቱ ወደ ፊት መጣች። «እታለም፣ አንቺ ነሽ ይህን ያደረግሽው? መቼ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

እታለም ጠረጴዛው ላይ የተከመሩትን ደብተሮች ማስተካከል ጀመረች። «አንቺ ትምህርት ከተውሽ ወዲህ።»

«እኔ እኮ ደደብ ስለሆንኩ ነው የተውኩት።»

«አልነበርሽም።» የደብተሮቹን የታጠፈ ጠርዝ አንድ በአንድ በጣቷ ታቃናለች፤ ቀና አላለችም። «ያን ቀን በልጆቹ ፊት ተሳስተሻል አልሽኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስት ወሬ። እጅሽን ዘርጊ አልኩሽ። ማታ ደብተርሽን ሳየው ልክ ነበርሽ። በማግስቱ ሆዴን አመመኝ ብለሽ ቀረሽ፤ በዚያው ቀረሽ።»

ጎረቤቲቱ ደሟ ፈላ። «ሠላሳ አንድ ዓመት! ሠላሳ አንድ ዓመት ደደብ ነኝ ብዬ ስኖር አፍሽን ምን ያዘው?» ጎረቤቲቱ በሩን አላትማ ወጣች።

ረቡዕ ልምምድ ላይ ጭራሽ ባሰባት። ያንን ይቅርታ አፏ ላይ ስታመጣው እንደ እሬት መረራት። ያቺን ሴት ሆኜ ነው ይቅርታ የምለምነው? ራሷ ትለምን! አለች። አዘጋጁ ራሱን ነቅንቆ ወጣ፤ እሷም ነገ ሄጄ ይቅርብኝ እላለሁ ብላ ቆርጣ አውቶቡስ ተሳፈረች።

አውቶቡሱ ውስጥ ግን እነዚያ የእታለም ጣቶች አልፋታ አሏት። ጠርዝ የሚያቃኑት ጣቶች። ደግሞም ያቺ የመስኮት ዳሯ ልጅ። እታለም ስንቱን የሰው ልጅ እንዲህ ጠመኔ እያስያዘች፣ እያስቀደመች፣ ስህተቷን እያመነች ኖራለች? በየቀኑ ለሰው ልጅ ስትክስ ኖራ ለእህቷ አንዲት ቃል ማውጣት አቃታት። ያን ጊዜ ጎረቤቲቱ ንዴትና አድናቆት ባንዴ መጡባትና በሰው መሀል አለቀሰች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ «አይዞሽ ልጄ፣ ያልፋል» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ይቅርብኝ ማለቱን ትታው ነበር።

ሐሙስ አምስቱ የኮሚቴ አባላት ፊት ለፊት ተደረደሩ። መጋረጃው ሊገለጥ ሲል እታለም ገባችና አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። የጠራት የለም፤ በራሷ ነው የመጣችው።

የመጀመሪያው ገቢር አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ጎረቤቲቱ ድምጿን አላነሳችም። ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ደብተሮች ሰበሰበችና የታጠፈ ጠርዛቸውን ማቃናት ጀመረች። ጽሑፉ ላይ እንዲህ የሚል የለም፤ አዘጋጁ እርሳሱን ነከሰ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች ቀና ሳትል፣ ቃሉን እየቆራረጠች። «አንቺ አልነበርሽም፣ ልጄ...»

«ቆይ!»

እታለም ናት። ቆማለች፤ የፊተኛውን ወንበር ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች። «እሱን ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ! ልክ ነበርሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ።»

ወይ ጉድ! አዘጋጁ ደርቆ ቀረ። ተማሪዋን የምትጫወተው ወጣት አፏን ከፍታ ጎረቤቲቱን ታያለች። ጎረቤቲቱ ከሚናው ከወጣች ሐሙስ አበቃ፣ ሚናውም ሄደ፤ ዝም ካለች ደግሞ እህቷ እዚያው ልትወድቅ ነው። ደብተሮቹን አስቀመጠችና ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች።

«ሰምቻለሁ፣ እታለም» አለች በመምህርቷ ድምፅ፣ ግን ከዚያ በፊት ማንም ባልሰማው ልስላሴ። «አሁን ተቀመጪ። ይህን መስማት ያለባት ሌላም ልጅ አለች።»

እታለም እንደ ታዛዥ ተማሪ ተቀመጠች። ጎረቤቲቱ ወደ ልጅቷ ዞራ ንግግሯን እስከ መጨረሻው ተናገረችው። መብራት ተቆጣጣሪው አፍንጫውን ሲናፈጥ አዳራሹ ሙሉ ተሰማ።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እጹብ ነው!» አሉ። «በተለይ ያቺ ከተመልካች መሀል የምትነሳው ሴትዮ! እንዴት አሰባችሁት? በየቀኑ ትነሳለች አይደል?»

አዘጋጁ ዓይኑን ሳያሽ «እሱን ገና እየተነጋገርንበት ነው» አለ። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥቶ ጎረቤቲቱን፣ በአስራ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በስሟ ጠራት። «ሚናው ያንቺ ነው» አላት።

እህትማማቾቹ ውጭ ሲገናኙ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። እታለም የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች ቆመች።

«እውነት ይቅር አልሽኝ ወይስ ትወና ነበር?»

«ገና ትንሽ ይቀረኛል» አለች ታናሿ። «ግን ዛሬ አንቺን ሆኜ ዋልኩ እኮ። ያ ቃል እንዲህ እንደሚያንቅ አላውቅም ነበር።»

እታለም ፊቷን በመዳፏ ሸፍና መንገድ ዳር ላይ አለቀሰች። ታናሿ ክንዷን ይዛ፣ መኪናውን ግራ ቀኝ አይታ፣ ቀስ ብላ አሻገረቻት።