ሰዓት ያልተጻፈበት ቀን

የነርሷ መልእክት ለአካውንት ሠራተኛዋ የደረሳት ከሥራ ወጥታ ከአውቶቡስ ስትወርድ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነበር። «እህቴ፣ ማሽኑ ቅድም ከአካውንቴ አስወጣኝ። ተኪዬ ገብታለች አይደል?»

መልእክቱን ደግማ አነበበችው።

የሠራተኛዋ ሥራ ለነርሶች አካውንት መክፈትና መዝጋት ነው። ነርሶቹ ራቅ ካለ ቦታ ሆነው፣ በየቤታቸው የተኙ የልብ ሕመምተኞችን በስክሪን ይከታተላሉ። ይቺ ነርስ ባሕር ማዶ ተቀምጣ አሥራ ዘጠኝ ሰው ለብቻዋ ትጠብቃለች፤ አንደኛው የዚህችው የአካውንት ሠራተኛ አባት ናቸው። የነርሷ ውል ዛሬ ያልቃል። እዚሁ አገር የምትኖረው ተኪዋ ነገ ትጀምራለች። ሠራተኛዋም እንደ ልማዷ ቀኑን ብቻ ሞልታ፣ የሰዓቱን ቦታ ባዶ ትታ አለፈች። ዛሬ ያው ዛሬ ነው፣ ነገም ነገ ነው ብላ!

ማሽን ግን የሰው ልብ አያውቅም። አሮጌውን አካውንት የዘጋው በነርሷ አገር እኩለ ሌሊት ሲሆን ነው፤ እዚህ ገና አሥራ አንድ ሰዓት። አዲሱን የሚከፍተው ደግሞ እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን። በመካከሉ ሰባት ሰዓት ሙሉ እነዚያን ሰዎች የሚያይ ዓይን የለም።

አባቷ ጋ ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች። ጠዋት ስትወጣ ብቻቸውን ነው የተወቻቸው።

ቤቷ የአምስት ደቂቃ ሩጫ ነው። ጥቂት ሮጠችና ቆመች። ደርሳስ ምን ልትፈይድ? ሐኪም አይደለች። የቀሩት አሥራ ስምንቱስ? ራሷን እየረገመች አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ዘጭ ብላ ላፕቶፗን ከፈተች። በጥድፊያ የይለፍ ቃሏን ሁለቴ ሳተችው። በሦስተኛው ገባች፤ የነርሷን አካውንት በአንድ ቀን አራዘመችና ደወለችላት።

«ሲስተር፣ ቶሎ ግቢ! ማንም እያያቸው አይደለም! ከአባቴ ጀምሪ!»

«ወይኔ! እሺ፣ እየገባሁ ነው።»

ከዚያ ነፍሷን እስክትስት ሮጠች።

አባቷ ወለሉ ላይ፣ አልጋውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ላባቸው ይንቆረቆራል። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን የድረሱልኝ ቁልፍ ጨብጠዋል።

«አባባ!»

«አትደንግጪ ልጄ። ደረቴን ሲይዘኝ ሦስቴ ተጫንኩት። ትንሽ ቆዩብኝ እንጂ እኔ እንኳ አልፈራሁም። የሚጠብቁኝን ሰዎች ያስቀመጥሽው አንቺ አይደለሽ?»

አጠገባቸው ተንበረከከች። ጠረጴዛው ላይ ካለው መሣሪያ የነርሷ ድምፅ ወጣ። «አባባ፣ ይሰማዎታል? አምቡላንስ እየመጣ ነው፤ እንዳይነሱ።»

አባቷ እጇን በዳበሳ ፈልገው ያዙ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከሩ።

«አላልኩሽም? ለአንድ ደቂቃ እንኳ ዓይናቸውን አይነቅሉም።»