የማርሊስ ተቃውሞ

ኦርቪል ስቴንሩድና ሚስቱ ማርሊስ በአርባ ስድስት ዓመት ትዳራቸው በአንድም ነገር ተስማምተው አያውቁም ብል የሚያስተባብለኝ የከተማችን ሰው የለም። ከኦርቪል ጋር አብረን ነው ያደግነው፤ ቤታቸውም ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። በሙቀቱ ወራት መስኮት ከፍተው ስለሚውሉ ክርክራቸውን ባልፈልግም እሰማ ነበር።

እሱ የቤዝቦል ሰው ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጨዋታውን ከሬዲዮ ይከታተላል። እሷ ቤዝቦልን «ትልልቅ ወንዶች ቆመው ምራቃቸውን የሚተፉበት ስብሰባ» ትለዋለች። የእሷ ደስታ አንድ ሺህ ቦታ የተቆራረጠ ስዕል ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሳምንት ሙሉ መገጣጠም ነው። «ሳይቆረጥ ሙሉውን የሚሸጡት አለ እኮ፤ ምን አደከመሽ?» ይላታል። እሱ ፓይ የሚባለውን የፖም ኬክ ያለ አይስክሬም አይበላም፤ እሷ ደግሞ በደንብ የተጋገረ ፓይ መሸፈኛ አያስፈልገውም ባይ ናት። ገና ሲመጣ እሱ የፕላስቲክ ዛፍ፣ እሷ ከጫካ የተቆረጠ ዛፍ ስለሚፈልጉ ሳሎናቸው ውስጥ ሁሌም ሁለት ዛፍ ይቆማል።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት እነሱ ናቸው ቁርስ ቤት ይዘውኝ የሚሄዱት። እዚያም ቢሆን ሰላም የለም። ኦርቪል እንቁላሉ ላይ ቀይ ካቻፕ ሲያፈስ ማርሊስ ሳህኗን አንስታ ሌላ ጠረጴዛ ትሄዳለች። «እንዲህ ያለ እርድ እያየሁ አልበላም» ትላለች። በልቶ ሲጨርስ ተመልሳ ትመጣለች። አስተናጋጇ ታሚ ለምዳው፣ የማርሊስን ቡና ገና ከመጀመሪያው በሌላኛው ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥላት ነበር።

በመጋቢት ውስጥ በአንዱ ማክሰኞ ግን ማርሊስ አልተነሳችም። ኦርቪል ካቻፑን ሲያስቀምጥ አነሳችውና እንቁላሏ ላይ አፈሰሰች።

ታሚ የቡናውን ጀበና እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ማርሊስ፣ ደህና ነሽ?»

«ምን ሆንኩ? ይጣፍጣል እኮ።»

ኦርቪል ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «አርባ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ እንጂ አሸነፍኩ። ሌስ፣ አንተ ምስክሬ ነህ።»

ቁርስ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ማርሊስም ሳቀች፤ ነገር ግን መጀመሪያ የእኛን ፊት አየት አድርጋ ነው የሳቀችው። እኔ ይሄን አየሁ።

በግንቦት ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ወጥታ አጠገቡ ተቀምጣ ጨዋታ መስማት ጀመረች። ኦርቪል ሁለት ቀን ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን መንገዱን አቋርጦ ወደ እኔ መጣ።

«ማን እየመራ ነው ብላ ጠየቀችኝ» አለኝ።

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?»

«ጨዋታው ካለቀ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ሬዲዮውን ዘግቼዋለሁ።»

ከዚያ የስዕሉን ጠረጴዛ እንዳይ ይዞኝ ገባ። ማርሊስ የሰማዩን ቁራጭ ከጎተራው ጣሪያ ቁራጭ ጋር በግድ አጣብቃው፣ ጠርዙ በመዶሻ እንደተመታ ተላልጧል። ይህቺ ሴት ሰላሳ ዓመት በከተማው ቤተ መጻሕፍት ስትሠራ አንድ መጽሐፍ ያለ ቦታው ሲቀመጥ ዝም የማትል ሴት ነበረች።

ልጃቸው ጆሊን ከምትኖርበት ከኦማሃ ከተማ መጥታ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። የመርሳት በሽታ ነው ተባሉ፤ ከጀመራትም ቆይቷል አሉ። ኦርቪል ይሄን ሲነግረኝ ድምፁ ደህና ነበር። የአየር ሁኔታ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

በነሐሴ፣ በቆሎው ከሰው በላይ በቆመበት ሙቀት፣ በሳሎናቸው መስኮት በኩል የፕላስቲኩ የገና ዛፍ መብራቱ ሲብለጨለጭ አየሁ። ቴሌቪዥኑ እስከ መንገድ ድረስ ይጮሃል። ኦርቪል ባርኔጣውን እንዳደረገ ምሳ ላይ ተቀምጧል። ማርሊስ በቤቷ ውስጥ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ለአንድ ደቂቃ ታግሳ አታውቅም።

ምሳውን ሲጨርስ ወጣ። «አንተ ሰውዬ፣ በነሐሴ የገና ዛፍ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እንድትቆጣኝ ነው።»

«ተቆጣች?»

«መብራቱ ያምራል አለች።» ደረጃዬ ላይ ተቀመጠ። «አንድ ቀን እሺ ብላኝ አታውቅም እኮ ሌስ። አሁን ያልኳትን ሁሉ እሺ ነው። ከማን ጋር እንደምኖር አላውቅም።» ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበትና አለቀሰ። በልጅነታችን ክንዱ ሲሰበር እንኳ አላለቀሰም ነበር።

የብርዱ ወራት ሲገባ ብቻዋን በበረዶ ላይ ወጥታ ስለተገኘች አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት አስገቧት። ኦርቪል አንድም ቀን ሳይጠይቃት አልዋለም። አንድ እሑድ አብሬው ሄድኩ። ማርሊስ ፀጉሯ በደንብ ተበጥሮ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። በእንግዳ ወግ አነጋገረችን።

«አግብተሃል?» አለችው።

«አዎ።»

«ምን ዓይነት ሴት ናት?»

ኦርቪል ወንበሩን አስጠጋ። «እኔ ነጭ ካልኩ እሷ ጥቁር ነው የምትል ናት።»

«ውይ፤ እንዴት ቻልካት?»

«ያ ነገሯ ደስ ይለኛል።»

ማርሊስ እጁን መታ መታ አደረገችው። «እንዲያ ከሆነ ንገራት። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይነገራል።»

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ወደ እኔ ዞረ። «ነግሬያት አላውቅም» አለኝ። «የምታውቀው መስሎኝ።»

በማግስቱ ብቻውን ተመልሶ ነገራት። ምን አለችህ ብዬ ጠየቅኩት።

«አመሰገነችኝ። ለሚስቴም ሰላምታ አድርስልኝ አለች።»

በየካቲት ማርሊስ አረፈች። ሳንባዋን ብርድ መትቶት ነበር፤ ሦስት ቀን ብቻ ነው የታመመችው። ከቀብር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ በላን። ሴቶቹ እንደ ደንቡ አይብ የተነሰነሰበት የድንች ምግብ በትሪ በትሪ አምጥተዋል። ሰው ሁሉ እየመጣ ማርሊስ አንድ ጊዜ እንዴት አድርጋ እንደተከራከረችው ለኦርቪል ያወራለታል። እሱም እያንዳንዱን «አዎ፣ እሷ ናት» እያለ ያዳምጣል። ጆሊን ኦማሃ ሄዶ አብሯት እንዲኖር ለመነችው፤ አልሄድም አለ።

በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ሲል ኦርቪል ከቀለም መሸጫው አራት የቀለም ናሙና ካርድ ይዞ መጣ። የቤታቸው ግድግዳ ቀለም መላላጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ካርዶቹን መኪናዬ ላይ ደረደራቸው።

«የቱ ይሻላል?»

«አንተ የቱን ወደድክ?»

ካርዶቹን ቦታ እያቀያየረ አያቸው። «እሱን እኮ ነው ያጣሁት» አለ። «እሷ አንዱን ትመርጣለች፤ ያኔ እኔ የትኛውን እንደምፈልግ ወዲያው ይገባኛል። አሁን አራቱም አንድ ሆኑብኝ።»

ቢጫውን አሳየሁት፤ ብሩህ ነው፣ ለፀሐይም ይሆናል አልኩት። እሺ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ፤ ካርዶቹን ሰብስቦ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና አመስግኖኝ ሄደ። በዚያ ዓመት ቤቱን አልቀባም። በሚቀጥለውም አልቀባም።