ጠዳ የወረደው ሜጋፎን

«ለጎንደር ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ። የ‹ድምፅ ለፅንስ› ወጣቶች ማኅበር ንብረት የሆነ፣ አፉ ቀይ፣ ወገቡ ነጭ፣ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ አንድ ሜጋፎን ከጥር ሦስት ቀን ጀምሮ ያለበት ባለመታወቁ ማኅበሩ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። ያየው፣ የሰማው ወይም በውስጡ የተናገረ ማንኛውም ሰው በአስቸኳይ እንዲያሳውቀን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሊቀመንበሩ።»

ማስታወቂያው ከነፎቶው ታትሞ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባለው የመብራት ምሰሶ ሁሉ ላይ ተለጠፈ። ፎቶው ጥቁር ክፈፍ ስለነበረው አንዳንድ ሽማግሌዎች ሳያነቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» እያሉ አልፈዋል።

ሐዘኑ ግን የማስመሰል አልነበረም። ሜጋፎኑ የተገዛው ቅዳሜ ገበያ ከአንድ የአይጥ መርዝ ሻጭ ሲሆን፣ ድምፅ ቀድቶ ደጋግሞ የሚያሰማ ዓይነት ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ማንያዘዋል የአሥራ አንድ ደቂቃ ንግግሩን በሻጩ ድምፅ ላይ ቀዳበት። ሻጩ ግን አሥራ ሁለት ደቂቃ ይናገር ኖሮ የመጨረሻዋ ደቂቃ ሳትጠፋ ቀረች። ስለዚህ ሊቀመንበሩ «ወገኖቼ፣ እያንዳንዱ ሕይወት ክቡር ነው» ብሎ እንደ ጨረሰ፣ ሌላ ጎርናና ድምፅ ይቀጥላል፤ «ለአይጥ፣ ለበረሮ፣ ለትኋን። አንዴ ከቀመሰች አትመለስም።»

ይህቺ ደቂቃ በአደባባይ እንዳትሰማ የሚጠብቅ አንድ አባል ተመደበ፤ ባዬ። ባዬ ከአዘዞ ወዲያ ያለችው የጠዳ ልጅ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ በስብሰባ ላይ አንድም ቀን አስተያየት ሰጥቶ የማያውቅ። ሥራው ሜጋፎኑን መሸከም፣ ባትሪውን ማስሞላት፣ «ክቡር ነው» ሲባል ማጥፊያውን በአውራ ጣቱ መጫን ነው። የማኅበሩ ክብር በባዬ አውራ ጣት ላይ ያረፈ ነበር ማለት ይቻላል።

ማንያዘዋል ራሱ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነው። ሲናገር ቀኝ እጁ ወደ ሰማይ፣ ግራ እጁ ወደ ኮሌታው ይሄዳል። በዚያ ንግግር ውስጥ «ወገኖቼ» የምትለዋ ቃል ሠላሳ አንድ ጊዜ እንደምትገኝ ጸሐፊዋ ለይላ ቆጥራለች። ለይላ አባቷ አራዳ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ። የፋርማሲ ተማሪ ሆና ጽሕፈቷ የሚነበብ በመሆኑ ያለ ተቃውሞ ጸሐፊነት ተመረጠች። አባል የሆነችው ከልቧ ነው፤ «ነፍስ ነፍስ ናት፤ በእኛም ቤት እንደዚያው ነው» ትላለች። ስብሰባውን ግን ከልቧ አትወድም።

መስከረም ላይ ማኅበሩ ፒያሳ ትልቅ ባነር ሰቀለ፤ «ውለጂው፤ እኛ አለን»። ከሥሩ ስልክ ቁጥር። በሁለት ወር ውስጥ የደወሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው የሚከራይ ቤት ጠየቀ፣ ሁለተኛው የአይጡ መርዝ ገና መኖሩን።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን፣ አባላቱ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተሰብስበው ሳለ፣ ይመኙሽ በሩን ከፍታ ገባች። ይመኙሽ የአይከል ልጅ ናት። ፒያሳ ጁስ ቤት ትሠራለች፤ አቮካዶ ስትፈጭ የምትውለው ባነሩን ፊት ለፊት እያየች ነው።

«ባነሩን የሰቀላችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን» አለ ማንያዘዋል ኮሌታውን እያስተካከለ።

«ላስወርደው ቀጠሮ ይዤ ነበር። ባነራችሁን ሳይ ሳይ ቀረሁ። ይኸው ሰባት ወሬ።»

አሥራ ስምንቱ ቢጫ ካናቴራ ለባሽ አባላት ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ስማቸው የተባለው የሥነ ሥርዓት ኃላፊ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማኅበሩ ከተመሠረተ የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

ይመኙሽ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች። «እና የት ነው የምትወስዱኝ?»

ጭብጨባው አለቀ።

«አከራዬ የልጅ ለቅሶ አልወድም፣ ሳትወልጂ ልቀቂ ብላኛለች። አይከል አባቴ ጋ እንዲህ ሆኜ አልሄድም፤ ከሰማ አለቀልኝ። ያስረገዘኝ የመተማ መስመር ሾፌር ነው፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። የምፈልገው አራስ የምሆንበት ቤትና ገንፎ የሚያገነፋልኝ ሰው ነው። እኛ አለን ብላችኋል።»

«እህቴ» አለ ማንያዘዋል፣ «አለን ስንል በመንፈስ ከጎንሽ…»

«በመንፈስ ገንፎ አይገነፋም።»

ማንያዘዋል ደንቡን አወጣ። አንቀጽ አራት፤ የማኅበሩ ዓላማ ሕይወትን ከፅንሰት እስከ ልደት መጠበቅ ነው። ከልደት በኋላ ያለው ጉዳይ የሌሎች ባለድርሻ አካላት መሆኑን በትሕትና አስረዳ።

«ልጁ ሲወለድ ከአባልነት ይሰረዛል ማለት ነው?» አለች ለይላ ከቃለ ጉባኤው ቀና ሳትል።

«ለይላ፣ አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም። እየጻፍኩ ነው።»

ከአንድ ሰዓት ክርክር በኋላ ሁለት ውሳኔ ተላለፈ። አንደኛ፣ አምስት አባላት ያሉት ጉዳዩን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሞ በሦስት ወር ውስጥ ሪፖርት እንዲያቀርብ። ሁለተኛ፣ ይመኙሽ በጥምቀት ማግስት ቀሐ ወንዝ ዳር በሚደረገው ሰልፍ ላይ ቆማ ምስክርነቷን በሜጋፎን እንድትሰጥ።

«ምጥ ቃለ ጉባኤ አይጠብቅም» አለች ለይላ።

ይመኙሽ ባዬ ጭን ላይ የተቀመጠውን ቀይ አፍ አየችው። «ስሜ በዚህ ነገር ከተጠራ አይከል ድረስ ይሰማል። መጥታለች ብላችሁ ለማንም እንዳትናገሩ። ስሜን አልነገርኳችሁም፤ እንኳን አልነገርኩ» ብላ ወጣች። ለካ በዚያ ሁሉ ክርክር ስሟን የጠየቃት አልነበረም።

ባዬ ባትሪ ላስሞላ ብሎ ተከትሏት ወጣ። ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«የእናቴ ቤት ጠዳ ነው። ገንፎዋ ሸጋ ነው።»

«አንተ ደግሞ የምን ኮሚቴ ነህ?»

«ተሸካሚ ነኝ።»

ይመኙሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ስሟን ነገረችው። «ታዲያ ለሰው እንዳታወራ። ማልልኝ።»

«እመቤቴን አላወራም» አለ ባዬ። «ድሮም የሚናገረው ሜጋፎኑ ነው።»

ጥር ሦስት ቀን አከራይቱ የይመኙሽን ፍራሽ በረንዳ ላይ አወጣችው። ባዬ ስትደውልለት ከሰልፍ ልምምድ በቀጥታ መጥቶ፣ ይመኙሽንና ፌስታሏን ይዞ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ሜጋፎኑ ትከሻው ላይ እንዳለ ትዝ ያለው አዘዞን ካለፉ በኋላ ነው።

እናቱ ወይዘሮ አገኘሁሽ፣ ልጃቸው ሜጋፎን በትከሻው፣ እርጉዝ በጎኑ አድርጎ ሲገባ አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ የላክሁህ ለዚህ ነው?»

«እማ፣ እዚህ አራስ ትሆናለች።»

«እሱንማ ዓይን አለኝ። ያንተ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያ ምነው አመጣሃት?»

«እኛ አለን ብለን ጽፈናል።»

ወይዘሮ አገኘሁሽ ልጃቸውን አንዴ፣ ሜጋፎኑን አንዴ፣ የልጅቱን ያበጠ እግር ሁለቴ አዩ። «ካላችሁማ አላችሁ» ብለው ገብስ ሊያስፈጩ ተነሡ።

ጥር ዘጠኝ ይመኙሽ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሴት ልጅ ተገላገለች። የጎረቤት ሴቶች ለሴት የሚገባውን ሦስት እልልታ አድርሰው ዝም ሲሉ ወይዘሮ አገኘሁሽ «ይቺ ብዙ የተጨበጨበላት ናት፤ ሦስት አይበቃትም» ብለው ሰባት አሞሉት።

ልጅቱ ግን እልልታውን ለብቻዋ ልትቀጥል የመጣች ይመስል ነበር። ትጠባለች፣ ታለቅሳለች። ትታቀፋለች፣ ታለቅሳለች። በአራተኛው ቀን ሰው ሁሉ ዓይኑ ቀልቶ ሳለ፣ ወይዘሮ አገኘሁሽ ከመደቡ ላይ አቧራ ሲጠርጉ የማያውቁትን ነገር ነኩ። «ወገኖቼ» አለ ሜጋፎኑ። ልጅቱ ጸጥ አለች። «ወገኖቼ፣ ዛሬ በታሪክ ፊት ቆመን…» አንዴ አዛጋች። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ተኛች። አምስተኛው ላይ ይመኙሽ ተኛች። ስምንተኛው ላይ ወይዘሮ አገኘሁሽ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ወደ ግድግዳው ዘመም አሉ። ባዬ ብቻ ነቅቶ አውራ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ጠበቀ።

ከዚያ ወዲያ ሜጋፎኑን መመለስ የማይታሰብ ሆነ። የቀሐው ሰልፍ ያለ ሜጋፎን ተደረገ። ማንያዘዋል በባዶ አፉ ጮኾ፣ የጥምቀቱ ከበሮ ውጦት፣ ለሦስት ቀን ድምፁ ተዘጋ። ማስታወቂያው የተጻፈው በዚያ የዝምታ ሳምንት ነው። ተሸካሚውን ግን «የት አደረስከው?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ምስጢሩን ከጠዳ ውጪ የምታውቀው ለይላ ብቻ ነበረች። ባዬ ስለ ሕፃን የሆድ ቁርጠት አጥብቆ ሲጠይቃት «የማን ሆድ ነው?» ብላ አፋጠጠችው፤ እሱ መሬት መሬት ሲያይ የቀረውን ራሷ ገጣጠመችው። በሳምንቱ ከአባቷ ሱቅ አንድ ጥቅል ለስላሳ ጨርቅ ተሸክማ ጠዳ ወረደች። የደረሰችው ወይዘሮ አገኘሁሽ የማር ዋንጫ ይዘው በተቀመጡበት ሰዓት ነው።

«ልጅ ያለ አባት ስም አይወጣላትም» ይሉ ነበር ወይዘሮ አገኘሁሽ። «የዱሮ ሰው አባት ላጣ ልጅ አባት የሚያበጅለት በማር ነው። አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባታል፤ የጡት አባቷ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መካድ የለም። ባዬ፣ ጣትህን አምጣ።»

«ቆይ እማማ» አለች ለይላ፣ «ለሕፃን ማር አይሰጥም። ክልክል ነው።»

«ማን ከለከለ?»

«ሕክምና።»

«ይሄን ሁሉ ሰው በምን አሳደግን መሰለሽ?»

ድርድሩ ረዘም አለ። በመጨረሻ የባዬ አውራ ጣት ማር ተነከረ፣ በሁሉም ፊት ታየ፣ በሳሙና ታጠበ፣ ከዚያ ወደ ልጅቱ አፍ ሄደ። ባህሉም ሕክምናውም እኩል ተከበሩ። ልጅቱ የሳሙና ጣዕም ያለው አባት አገኘች፤ አጥብቃም ጠባችው። ባዬም ጣቱን ለመንቀል አልቸኮለም።

የካቲት ላይ ስማቸው ባሕር ዳር ሲሄድ ሚኒባሱ ጠዳ ላይ ለሽንኩርት ቆመ። ከአንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚያውቀው ድምፅ ሰማ። ወዲያው ስልኩን አወጣ።

«ማንያዘዋል፣ የት ነህ?»

«ቤቴ። ምሳ እየበላሁ።»

«እንግዲያው ጠዳ የሚሰብከው ማነው?»

ስልኩ ላይ ማኘኩ ቆመ። «ተገንጣይ ቡድን ነው። ስማ፣ ሰው በዝቷል?»

ስማቸው በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀ። ባዬ የሕፃን ጨርቅ ያሰጣል። አውራ ጣቱ ሥራ በመያዙም ጎርናናው ድምፅ ከውስጥ ያለ ከልካይ «ለአይጥ፣ ለበረሮ» ይላል። ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልቀረም።

በቅዳሜው ባዬ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ለዲሲፕሊን ተጠራ።

«ክስ አንድ» አለ ማንያዘዋል። «ሜጋፎኑ አንተ ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው።»

«በየምሰሶው ማስታወቂያ ለጥፈን፣ አገር ነፍስ ይማር እያለን?»

«አይቼዋለሁ። ፎቶው ጥሩ ወጥቷል።»

«ክስ ሁለት» ብሎ ስማቸው ተነሣ። «የሕፃን ጨርቅ ሲያሰጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅ አለህ?»

«አለችኝ።»

«ያንተው?»

ባዬ አውራ ጣቱን አየት አደረገ። «የኔው።»

ክፍሉ አጉረመረመ። እናቲቱ ማን እንደሆነች ተጠየቀ። እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ኖሮ ባዬ በቆመበት ከተከሳሽነት ወደ ጀግንነት ይሸጋገር ነበር። ቢጫ ካናቴራዎቹ እንደገና ብድግ ይላሉ፤ ጁስ ቤት የሚያውቃት ሁሉ ስሟን ያወጣል፤ ፎቶዋ በዚያው ቀን በቴሌግራም ይዞራል፤ በማግሥቱ አይከል ይደርሳል። ባዬ ዝም አለ። ለይላም እስክሪብቶዋን ከደነች።

«ወይ ታብራራለህ፣ ወይ ትሰረዛለህ» አለ ስማቸው።

«ሰርዙኝ።»

«ሜጋፎኑስ?»

«አልመልስም።»

«አባቴ ሱቅ አንድ አለ፤ እሱን አመጣለሁ» አለች ለይላ ቶሎ ብላ። «ንግግሩን እንደገና ትቀዳለህ። ያለ አይጥ።»

ነገሩ በዚሁ ሊዘጋ ሲል ማንያዘዋል ወደ ባዬ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማቸው እንዳለው ግን፣ ንግግሬን እዚያ ትከፍተዋለህ።»

«በቀን ስድስት ጊዜ።»

«ስድስት?» የሊቀመንበሩ ፊት ፈካ። ግራ እጁ ወደ ኮሌታው ሄደች። «እና ሰዉ ይሰማል?»

«ጸጥ ብሎ ነው የሚሰማው።»

«አየህ ጠዳን። አየህ የገጠርን ሰው። ባዬ፣ የቀረው ሁሉ ይቅር፤ ይቺን ብቻ ንገረኝ። ሲሰሙት ምን ይሆናሉ? ምን ለውጥ አመጣ?»

ለይላ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«አላብራራም» አለ ባዬ።